የመንገደኞች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጉዳይ ናቸው።

ረዳቱ ቤንዚን የሞላ ጀሪካን ከመቀመጫ ሥር ቢያስገባስ?

ጀሪካኑ ይውረድ። አላወርድም ካለ እርስዎ ይውረዱ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ሹፌሩ ዓባይ በረሃን ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወረደው። የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር። ተሳፋሪው "እመብርሃን አንቺው አውጪን" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። ምን ላድርግ?

ይናገሩ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አውቶቡስ እዚያ የሚወርደው በከባድ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ያርፋል። ፍሬን ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል አልይዝም ይላል። የሸተትዎት የጋለ ፍሬን ሳይሆን አይቀርም።

ሹፌሩ ላይ ከኋላ አይጩሁበት፤ ሐሳቡ ይበተናል። ረዳቱን ጠርተው "ፍሬኑ እየሸተተ ነው፣ ማርሽ ያስገባ፣ ሜዳ ሲያገኝ ቆሞ ያብርደው" ይበሉት። ካልሰማ አጠገብዎ ያሉትን ያስተባብሩ። ብቻውን የተናገረ ሰው "ፈሪ" ተብሎ ይታለፋል፤ ወንበሩ ሁሉ ሲናገር ግን ማንም ሹፌር ይሰማል። ታርጋውን ይዘው መጀመሪያ ለሚያገኙት ትራፊክ ፖሊስ ይንገሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሹፌሩ ብቻ አይደለም። "ንዳው እንጂ፣ መሸ እኮ!" የሚለው ተሳፋሪም ነው። ስንቱ ሹፌር በዚህ ጉትጎታ ነው ኩርባ ላይ የሚቀድመው!

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባሕር ዳር በአውቶቡስ ልሂድ? ጎረቤቶቼ ምንም አይልሽም ብለውኛል።

እህቴ፣ ይህን ጎረቤት አይወስንም። ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሳትጠይቂ ትኬት እንዳትቆርጪ። በተለይ የደም ግፊት ወይም የደም መፍሰስ ከነበረብሽ አደራ። ከፈቀዱልሽ ቀበቶው ከሆድሽ በታች፣ በጭንሽ በኩል ይለፍ። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርደሽ ተራመጂ፤ ብዙ ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። የክትትል ካርድሽ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅሽ ላይ ይሁን።

መኪና ያስመልሰኛል።

ከፊት ይቀመጡ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ስልክዎን ያስቀምጡ። ክኒን ከፈለጉ ፋርማሲ ይጠይቁ።