ልጄ ሃይስኩል እንደጨረሰ ወታደር ልሁን ይላል፤ ልፈርምለት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጄን ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ አስመጣሁት፤ ግሪን ካርድ አለው። አሁን 17 ዓመቱ ነው፤ በኦክቶበር 18 ይሞላዋል። በመጪው ጁን ሃይስኩል ይጨርሳል። ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመጣ ሪክሩተር (ወታደር መልማይ) ቤታችን ድረስ መጥቶ በትሕትና አነጋገረን። ዜግነቱን ቶሎ እንደሚያገኝ፣ ኮሌጅ እንደሚከፈልለት፣ የሚመደበው በኮምፒዩተር ሥራ እንጂ በውጊያ እንዳልሆነ፣ ካልተመቸውም ትቶ መውጣት እንደሚችል ነገረን። አልፎ አልፎ ደረቱን የሚዘጋውን ነገር ግን ባያነሣው ይሻላል ብሎናል። አባቱ አብሮን አይኖርም። እስከ ዓርብ ፈርሚ ተብያለሁ። ልፈርም?»

መልስ፦ እህቴ፣ «እስከ ዓርብ» የተባለውን ለጊዜው ይተዉት። ወላጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲፈርም የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ልጅዎ የፈለገው ቦታ ዛሬ ቢያዝ እንኳ በሌላ ወር ሊከፈት ይችላል፤ የምዝገባው በርም 18 ዓመት ሲሞላው አይዘጋም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ከነገሩኝ ይልቅ ያልነገሩኝ ነው። ስለ ልጅዎ ግሪን ካርድ ጻፉልኝ፤ ስለ ራስዎ ዜግነት ግን አንድም ቃል አላነሡም።

«አስመጣሁት» ሲሉ በምን ወረቀት እንዳስመጡት አልገለጹልኝም። በዚያን ጊዜ እርስዎ የአሜሪካ ዜጋ ከነበሩ፣ ወይም ከዚያ ወዲህ የዜግነት ቃለ መሐላ ፈጽመው ከሆነ፣ ሪክሩተሩ በሽልማት መልክ ያቀረበላችሁን ዜግነት ልጅዎ አስቀድሞ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ በሚሠራው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለውና በዜጋ ወላጁ አሳዳጊነት በሕግም በተግባርም አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ልጅ፣ ማመልከቻ ሳያስገባና መሐላ ሳይፈጽም፣ ሁኔታዎቹ በተሟሉበት ቀን በቀጥታ ዜጋ ይሆናል። ለአንዳንዱ ልጅ ይህ ቀን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የገባበት ዕለት ነው። ሆኖም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ደብዳቤ ጽፎ ይህን ስለማያሳውቅ፣ ልጁ ያንኑ ካርድ በኪሱ ይዞ ይቀጥላል፤ ቤተሰቡም ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። ማረጋገጫው የአሜሪካ ፓስፖርት ማውጣት ወይም በኤን 600 ፎርም የዜግነት ሰርተፊኬት መጠየቅ ነው።

እርስዎ ገና ዜጋ ካልሆኑና ማመልከቻዎ በሂደት ላይ ከሆነ ደግሞ፣ ሊያስቸኩልዎ የሚገባው ቀን ዓርብ ሳይሆን የልጅዎ የኦክቶበር ልደት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ልጅዎ አብሮዎት ዜጋ ሊሆን ይችላል፤ በማግስቱ ከፈጸሙ ግን ይህ መንገድ ለእርሱ ተዘግቷል፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ጊዜ ማመልከት ይኖርበታል። ስለዚህ ቀኑን የሚያሰላልዎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ። ፎርም በመሙላት የሚረዱን የማኅበረሰባችን ሰዎች ቅን ቢሆኑም ጠበቃ አይደሉም፤ ይህ ጉዳይ ፎርም ከመሙላት ያለፈ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ልጠይቅዎ እገደዳለሁ፤ መልሱን ግን በደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ የቢሮው በር ተዘግቶ ለጠበቃዎ ብቻ ይንገሩት። በወረቀቱ ላይ ያለው የልደት ቀን የልጁ እውነተኛ የልደት ቀን ነውን? በወረቀት «ልጄ» የተባለው የአብራክዎ ክፋይ፣ ወይም በሕግ የተቀበሉት የጉዲፈቻ ልጅ ነውን? የወንድምን ወይም የእኅትን ልጅ እንደ ልጅ አድርጎ ማምጣት በእኛ ባህል ደግነት መሆኑን አውቃለሁ፤ በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ከባድ ነገር ነው፤ ወደ ሠራዊቱ የሚገባ ሰው የሚደረግለት የማንነት ማጣራትና የዜግነት ማመልከቻ ደግሞ የቆየውን ፋይል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያስከፍታሉ። ሁሉም ነገር ትክክል ከሆነ፣ ጥያቄውን እንዳልጠየቅሁ ይቁጠሩት።

ስለ ተሰጣችሁ ተስፋ የሕጉን በአጭሩ ልበል። በ17 ዓመት ለመመዝገብ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ በ18 ዓመት አያስፈልግም። ባለ ግሪን ካርድ መመዝገብ ይችላል፤ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ባለው ጊዜ በክብር የሚያገለግል ሰውም የተለመደውን የአምስት ዓመት ቆይታ ሳይጠብቅና የማመልከቻ ክፍያ ሳይከፍል ዜግነት መጠየቅ ስለሚችል፣ የዜግነቱ ወሬ ውሸት አይደለም። የኮሌጁም እውነት ነው፤ ጂ አይ ቢል የሚባለውን የወታደሮች የትምህርት ድጋፍ በሙሉ ለማግኘት ግን በአብዛኛው 36 ወራት ንቁ አገልግሎትና በክብር መሰናበት ያስፈልጋል። (ልጅዎ ሠራዊቱን የመረጠው ለኮሌጅ ገንዘብ ሲል ብቻ ከሆነ፣ ባለ ግሪን ካርድ ተማሪ ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከት እንደሚችል ይንገሩት።) ውሉ አራት ዓመት ቢልም ጠቅላላ ግዴታው ስምንት ዓመት ነው፤ የቀረውን ጊዜ በተጠባባቂነት ያሳልፋል፤ ሊጠራም ይችላል። ትቶ መውጣት ይችላል የተባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው። የዘገየ መግቢያ በሚባለው ፕሮግራም ተመዝግቦ ወደ መሠረታዊ ሥልጠና ሳይሄድ በጽሑፍ ጠይቆ መሰናበት ይችላል፤ ከሄደ በኋላ ግን መውጣት መብቱ ሳይሆን የአዛዦቹ ውሳኔ ነው። የኮምፒዩተሩን ሥራ በተመለከተ፣ ከእነዚህ የሥራ መደቦች ብዙዎቹ የምስጢር ማረጋገጫ፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ ለማየት የሚያስችል ፈቃድ፣ የሚጠይቁ ናቸው፤ ማረጋገጫው ደግሞ የሚሰጠው ለዜጎች ነው። እንግዲህ የእርስዎ ዜግነት ጉዳይ እዚህም ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ደንበኞቼ ደጋግመው ወደሚወድቁበት ወጥመድ ልምጣ። «ደረቱን የሚዘጋውን ነገር ባያነሣው ይሻላል» የሚለውን በአንድ መስመር ጽፈው አልፈውታል። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደው መስመር ይህ ነው።

ሐኪም አይደለሁም፤ እርስዎም «አስም» አላሉኝም። ነገር ግን ልጅዎ ወደዚህ አገር የመጣው በ14 ዓመቱ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የሕክምና መመዘኛ ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የታየ አስምን ያለ ልዩ ፈቃድ ለምዝገባ እንቅፋት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ እዚህ አገር ሐኪም አይቶት አስም ነው ብሎት ከሆነ፣ ወይም ከፋርማሲ የሚነፋ መድኃኒት ታዝዞለት ከሆነ፣ ጉዳዩ በቀጥታ በዚህ መመዘኛ ሥር ይወድቃል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የምልመላ ምርመራ ጣቢያዎቹ በሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አማካይነት ከሲቪል ሆስፒታሎችና ፋርማሲዎች የሕክምናና የመድኃኒት ታሪክን ማየት ይችላሉ። «ማንም አያውቅም» የሚባልበት ዘመን አልፏል። ከአዲስ አበባ ክሊኒክ የወጣ ወረቀት በዚያ ሥርዓት ላይታይ ይችላል፤ ጥያቄው ግን «መዝገብ አለ ወይ» ሳይሆን «ታመህ ታውቃለህ ወይ» ነው፤ ልጁም በእውነት መመለስ አለበት።

የሕክምና ታሪክ መጠይቁን፣ ዲዲ ፎርም 2807 የሚባለውን፣ የሚፈርመው ልጅዎ ነው። በፎርሙ ላይ የሐሰት ቃል መስጠት እስከ አምስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ወይም ሁለቱንም እንደሚያስከትል ተጽፏል። በወታደራዊው የቅጣት ሕግ አንቀጽ 104ሀ መሠረትም ብቁነቱን የሚመለከት ነገር ሆን ብሎ ደብቆ የተመዘገበና ደመወዝ የተቀበለ ሰው በማጭበርበር በመመዝገብ ሊከሰስ ይችላል። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ክስ ሳይሆን በአስተዳደር ውሳኔ መሰናበት ነው፤ ቤተሰቦችም ይህን ሲሰሙ እፎይ ይላሉ። እፎይ ማለቱ ግን ስህተት ነው። ስንብቱ በክብር ካልሆነ የኮሌጁ ገንዘብ ይቀራል። በአገልግሎት የሚገኘው ዜግነት በክብር ማገልገልን ስለሚጠይቅ እርሱም ይቀራል፤ ልጅዎ ቀድሞ በአገልግሎቱ ዜግነት አግኝቶ ከሆነ እንኳ፣ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ክብር በጎደለው ሁኔታ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሻርበት ይችላል። ሪክሩተሩ በሳሎንዎ ተቀምጦ የዘረዘራቸው ጥቅሞች በሙሉ የተንጠለጠሉት እርሱ ራሱ ዝም በሉ ባላችሁ ነገር ላይ ነው።

«እርሱ ነው እንዲህ በል ያለን» የሚለው መከራከሪያስ? ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ብቻውን ግን ብዙ አይራመድም። የተባለው በቃል ነው፤ የተፈረመው በጽሑፍ ነው፤ ፊርማውም የልጁ ነው። ሪክሩተሩ በስልክ የላካችሁ መልእክት ካለ አንዳች ሳትደመስሱ አስቀምጡ፤ ለጠበቃችሁም አሳዩ። ከሕጉም በላይ የሚያስፈራኝን ልንገርዎ፦ ደረቱ የሚዘጋ ልጅ በደቡብ ካሮላይና በፎርት ጃክሰን የበጋ ሙቀት ጓዝ ተሸክሞ ሲሮጥ፣ አጠገቡ ያለው አሠልጣኝ ስለ ሕመሙ ምንም የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ሐቀኛው መንገድ ሁልጊዜ «አይቻልም» የሚል መልስ አያመጣም። ልዩ ፈቃድ፣ እነርሱ ዌቨር የሚሉት፣ አለ። የሐኪሙን ማስረጃ፣ የሳንባ ምርመራ ውጤትና የመድኃኒት ዝርዝር አያይዞ ይጠየቃል። ሊፈቀድ ይችላል፤ ሊከለከልም ይችላል፤ ማንም ዋስትና አይሰጥዎትም። ተናግሮ የተከለከለ ልጅ ግን ግሪን ካርዱ፣ ስሙና ዕድሉ ከእርሱ ጋር ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ወደ ሐኪሙ ይውሰዱት፤ መዝገቡንም በእጅዎ ያስገቡ።

ወደ እርስዎ ፊርማ ልመለስ። የወላጅ ፈቃድ የሚሰጠው ዲዲ ፎርም 1966 በተባለው ሰነድ ላይ ነው፤ ፈርሚ ተብለው የተሰጡትን ወረቀት አምጥተው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ልጅዎ ከታዘዘ በውጊያና በሌሎች አደገኛ ሁኔታዎች ሊያገለግል እንደሚችል መረዳትዎን ይገልጻል። ቀጥሎም፣ እንዲፈርሙ ለማግባባት ስለ ምድብ፣ ስለ ሥልጠናም ሆነ ስለ ዕድገት ምንም ዓይነት ተስፋ እንዳልተሰጠዎት ያረጋግጣሉ። «ኮምፒዩተር እንጂ ውጊያ አይደለም» ተብለው የተነገሩት እርስዎ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልተነገረኝም ብለው ሊፈርሙ ነው ማለት ነው። የልጅዎ ውል፣ ዲዲ ፎርም 4፣ ደግሞ በውሉና በአባሪዎቹ ላይ ከተጻፈው ውጪ ማንም የገባለት ቃል ዋጋ እንደሌለውና እንደማይከበር በትልልቅ ፊደላት ይናገራል። ሪክሩተሩን እንዲህ ይበሉት፦ «የነገርከን የሥራ መደብ በአባሪው ላይ ተጽፎ ሳላይ አልፈርምም።» ቢያስጽፍልዎ መልካም፤ ባያስጽፍልዎ መልሱን አግኝተዋል።

«አባቱ አብሮን አይኖርም» የሚለውም በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም። ተፋትታችኋል? በሕይወት አለ? አዲስ አበባ ነው ወይስ እዚህ? ሁለት ወላጅ ባለበት የሁለቱም ፈቃድ ይፈለጋል፤ እርስዎ ብቻ የሚፈርሙ ከሆነ ምክንያቱን በሰነድ ማስረዳት ይኖርብዎታል። የፍቺ ውሳኔ ካለ ልጁን የማሳደግ መብት ለማን እንደተሰጠ የሚያሳየውን ገጽ ይፈልጉ፤ በአማርኛ ከሆነ ማረጋገጫ ባለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙት። ይኸው ወረቀት ከላይ ለጠቀስኩት የዜግነት ጉዳይም ያስፈልጋል፤ በእጅዎ ከሌለ ከዛሬ ጀምሮ ከፍርድ ቤቱ ያስወጡት፤ ጊዜ ይወስዳልና።

እኔ ልጅዎ ወታደር መሆኑን አልቃወምም። በዚህ ሠራዊት ውስጥ በክብር ያገለገሉና የሚያገለግሉ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ፊርማዎን ደግሞ ልጁን ለመከልከያ መሣሪያ አድርገው እንዳያስቡት፤ ጉልበቱ እስከ ኦክቶበር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እርሱ ብቻውን ሄዶ ይፈርማል፤ ያን ጊዜ ማንም «አሳየኝ፣ አስነብበኝ» የሚል አጠገቡ አይኖርም። የቀረችዎትን ጊዜ ሰነድ ለማሰባሰብና ልጅዎን ለማስረዳት ይጠቀሙባት።

ይህ መልስ በጻፉልኝ ጥቂት መስመሮች ላይ የተመሠረተ ጠቅላላ መረጃ እንጂ በፋይልዎ ላይ የተሰጠ የሕግ ምክር አይደለም፤ አንድ ቀን ወይም አንድ ገጽ ሲለወጥ መልሱም ሊለወጥ ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት የእርስዎን የዜግነት ወይም የግሪን ካርድ ወረቀት፣ ልጅዎ የገባበትን ቪዛ፣ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ የፍቺ ወይም የአሳዳጊነት ውሳኔውን፣ የሕክምና መዝገቡን፣ ከሪክሩተሩ ጋር የተለዋወጣችሁትን መልእክትና ፈርሙ የተባላችሁትን ወረቀት ሁሉ ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ። ልጅዎንም ይዘውት ይሂዱ። ሪክሩተሩ ያለውን በዝርዝር ጻፉልኝ፤ ልጁ ራሱ ለምን ወታደር መሆን እንደፈለገ ግን አልነገሩኝም፤ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።