መብራቱን ማን ያጥፋው?

ልጆቼ፣ ጎዳና ላይ ኖረው ለወጡ ሰዎች ቤት መንደፍ ለምትፈልጉ ነው የምጽፈው። ሥራው ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የበለጠ ያስተማረኝ ግን አንድ ስህተቴ ነው።

በነደፍኩት አንድ ሕንፃ ውስጥ ኃይል ለመቆጠብ ብዬ የየቤቱ መብራት እንቅስቃሴ በሚለይ መሣሪያ፣ በሴንሰር፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ እንዲበራ አደረግሁ። ነዋሪዎቹ ከገቡ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ አንድ አባት ሴንሰሩን በፕላስተር ሸፍነውታል። ፍራሹን ከአልጋው አውርደው በሩ ሥር አንጥፈዋል፤ ጫማቸውንም ሳያወልቁ ነው የሚተኙት። «ማታ ገልበጥ ስል ቦግ ይላል፤ ሰው የመጣብኝ ይመስለኛል» አሉኝ። ለካ ውጪ ሲያድሩ በድንገት የሚበራባቸው ሊያባርራቸው የመጣ ሰው ባትሪ ነበር። ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።

ኃይል መቆጠብ ይቅር እያልኩ አይደለም። ግድግዳውን በደንብ ሸፍኑት፣ ሙቀትና ብርድ እንዳያሳልፍ። ያ ማንንም አይረብሽም፣ ወጪም ይቀንሳል። ነባር ሕንፃ ካለም ለማፍረስ አትቸኩሉ፤ ሎስ አንጀለስ ያለው፣ ጎዳና ላይ ለኖሩ ሰዎች የተሠራው ስታር አፓርትመንትስ 102 ቤቶቹ ፋብሪካ ተሠርተው የተገጣጠሙት በነበረ ባለ አንድ ወለል የንግድ ሕንፃ ላይ ነው። ነዋሪው በየቀኑ የሚነካውን ነገር ግን ለራሱ ተዉለት። መስኮቱን በእጁ ይክፈት፣ በሩን ከውስጥ ይቆልፍ፣ ማን እንዳንኳኳም ሳይከፍት ይይ። የውሃ መዝጊያውን ኮሪደር ላይ አድርጉት፣ አንድ ቧንቧ በፈሰሰ ቁጥር ጥገና ሠራተኛ ሰው ቤት ሰተት ብሎ እንዳይገባ።

የማኅበራዊ ሠራተኞች ቢሮ ላይ ብዙ ተከራክሬያለሁ። ሁልጊዜ መግቢያው ላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እኔ እምቢ እላለሁ፤ ወደ ቤቱ ለመግባት ፍተሻ የሚያልፍ ሰው ቤቴ ነው አይልም። ቅርብ ይሁን፣ ግን ወደ ጎን።

ይህ የኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ሰምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒው ዮርክ ውስጥ መጠጥ አቁም፣ መጀመሪያ ታከም ሳይል ቤቱን ማስቀደም ጀመረ። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መጠለያዎቿን ወደ መኖሪያ ቤት ቀየረች፤ ሰው በራሱ ስም የኪራይ ውል ይዞ የሚኖርባቸው። ውል ያለውን ሰው እንደ እንግዳ አድርጋችሁ አትንደፉለት።

እኚያ አባት ጋ ሴንሰሩን ነቅለን ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምን፤ ተኝተው እጃቸው የሚደርስበት ቦታ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ፍራሹ አሁንም በሩ ሥር ነው። ጫማቸው ግን ወልቆ ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል።