በበረዶ ላይ ሳልንሸራተት በዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ስኬቲንግ ውድድር መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በካልጋሪ የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በ2023 የዓለም ታዳጊዎች የፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትና የሚሽከረከሩበት ስፖርት) ሻምፒዮና እዚሁ ከተማችን ዊንስፖርት አዳራሽ ሲካሄድ አይቼ ፍቅሩ አልለቀቀኝም። እኔ ራሴ በበረዶ ላይ አልንሸራተትም። በእንዲህ ዓይነት ውድድር ውስጥ የምገባበት የሙያ መንገድ ይኖራል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ መንገዱ አለ፤ መተዳደሪያ ግን አይሆንም። ይህን ቀድመን የምንነግርሽ ትምህርትሽን ገፋ አድርገሽ ወደዚያ እንዳትሮጪ ነው። ከአገር አገር በሚዞረው የታዳጊዎች ውድድር በጁኒየር ግራንድ ፕሪም ሆነ በዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና ከበረዶው ጥግ የሚቀመጡት ዳኞችና የቴክኒክ ሰዎች አብዛኞቹ ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው። የጉዞ፣ የሆቴልና የምግብ ወጪያቸው ይሸፈናል፤ በዚያ ገቢ የቤት ኪራይ የሚከፍል የለም። ቤተሰብ «ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ዳኝነትን ነው። ተንሸራትቶ ለማያውቅ ሰው ረጅም መንገድ ስለሆነ ለጊዜው ተዪው። ለአንቺ የሚቀርበው የቴክኒክ ቡድኑ ጠረጴዛ ነው፤ ዳታ የሚያስገባውና ሪፕሌይ (ተመልሶ የሚታየውን ቪዲዮ) የሚቆርጠው ሰው የሚቀመጡበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተወዳዳሪዋ ስትዘል የቴክኒክ ስፔሻሊስቱ የዝላዩን ስም ይጠራል፤ ዳታ አስገቢው ኮዱን ወዲያው ይመታል። የሚያጠራጥር ነገር ካለ «ሪቪው» ይባልና ምልክት ይደረግበታል። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስፔሻሊስቱ፣ ረዳቱና ተቆጣጣሪው ቪዲዮውን አይተው ይወስናሉ። ውሳኔው ቀላል አይደለም፤ ሙሉ ዙሩን የጨረሰ ትሪፕል ሉትዝ (አየር ላይ ሦስት ዙር የሚዞሩበት ሉትዝ የሚባል ዝላይ) መነሻ ዋጋው 5.90 ነጥብ ነው። ከሩብ ዙር በላይ ጎድሎት ግማሽ ካልሞላ ጉድለቱ፣ 80 በመቶው ብቻ ይያዛል፤ 4.72 ማለት ነው። ግማሽ ዙርና ከዚያ በላይ ከጎደለው ደግሞ እንደ ደብል (ሁለት ዙር) ሉትዝ ተቆጥሮ 2.10 ይሆናል። ዳኞቹ ከ−5 እስከ +5 የሚሰጡት የአፈጻጸም ነጥብም እያንዳንዱ ደረጃ የመነሻው 10 በመቶ ስለሆነ፣ መነሻው ሲወርድ እሱም አብሮ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ነው የሪፕሌይ ሠራተኛው ጥፋት ዋጋ የሚያስከፍለው። ሉትዝ የሚነሳው ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ በጫማው ብረት ውጭኛ ጠርዝ ነው፤ ፍሊፕ የሚባለው ዝላይ ደግሞ በውስጠኛው። የሁለቱ ልዩነት የሚታየው እግር በረዶውን ከመልቀቁ በፊት ባለችው ቅጽበት ነው። ጀማሪ ቆራጭ ክሊፑን የሚጀምረው ዝላዩን አየር ላይ ሲያየው ነው፤ ያኔ ጠርዙ አምልጧል፣ ቡድኑም የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ ገና መግቢያው ላይ ጀምሪ፤ ካረፈች በኋላም ተንሸራትታ እስክትወጣ ድረስ አትቁረጪ።

የዳታ አስገቢው ወጥመድ ሌላ ነው። ከውድድሩ በፊት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሊሠራ ያቀደውን ዝርዝር ያስገባል፤ ዝርዝሩም ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊትሽ ነው። ልጆቹ ግን ዕቅድ ይቀይራሉ። ትሪፕል ሉትዝን ቶ ሉፕ ከሚባለው ሌላ ትሪፕል ዝላይ ጋር አቀናጃለሁ ያለችው ማረፊያው ሲበላሽባት ቶ ሉፑን ትታ፣ በኋላ ከሌላ ዝላይ ጋር ትቀጥለዋለች። ዓይንሽ ዕቅዱ ላይ ከተተከለ ያልተሠራውን ታስገቢያለሽ። የሚጻፈው የተጠራው ነው።

ልምምዱን ዛሬ ማታ በነፃ መጀመር ትችያለሽ። የዓለም አቀፉ ስኬቲንግ ዩኒየን የጁኒየር ግራንድ ፕሪ ውድድሮችን በዩቲዩብ ሲያሳይ ቆይቷል፤ ዝርዝር የውጤት ወረቀቶቹንም በፒዲኤፍ ያወጣል። ከአጭሩ ፕሮግራም ጀምሪ። 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፣ 10 ሰከንድ ቢያልፍም ቢያንስም ይፈቀዳል፤ በውስጡ 7 ክፍሎች አሉ፦ ሦስት ዝላይ (አንዱ ቅንጅት፣ ሁለት ዝላይ የተያያዘበት)፣ ሦስት ሽክርክሪትና አንድ የእርምጃ ተከታታይ። በታዳጊዎች አጭር ፕሮግራም ከቅንጅቱ ውጭ ያለው አንዱ ዝላይ በየወቅቱ ከሉፕ፣ ከፍሊፕና ከሉትዝ በተራ ስለሚወሰን ሁሉም ያንኑ ይዘላሉ፤ ለጀማሪ ዓይን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። የተንታኙን ድምፅ ዘግተሽ ስድስት ተወዳዳሪ ያለበትን አንድ ምድብ እይ፣ የሠሩትን ጻፊ፣ ከዚያ ከውጤት ወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። መጀመሪያ ላይ ፍሊፕና ሉትዝ ይምታቱብሻል። ዝላዮቹን ሳትስቺ መለየት ከጀመርሽ በኋላ ወደ ረጅሙ ፕሮግራም (3 ደቂቃ ከ30) እለፊ። የነጥብ ሠንጠረዡ ስለሚሻሻል የወቅቱን አውርጂ፤ አሮጌ ሠንጠረዥ ማጥናት ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ ጠረጴዛው የሚያስገባሽ ግን በአልበርታ የስኬት ካናዳ (የካናዳ ስኬቲንግ ፌዴሬሽን) ቅርንጫፍ ነው። ለዳታ ባለሙያዎች ሥልጠና መቼ እንዳለ ጠይቂና ከክለብ ውድድሮች ጀምሪ። ከዚያ በፊት የፖሊስ ማጣሪያ ወረቀትሽን አውጪ፤ ከሕፃናት ጋር ለሚሠሩ የሚሰጠው ዓይነት መሆን አለበት፤ በዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር እንኳ ተወዳዳሪዎቹ ከ13 ዓመት ጀምሮ ናቸውና። ፎቶ አንስቶ መለጠፍ፣ ለልጆቹ በሶሻል ሚዲያ መጻፍ፣ ከጠረጴዛው የሰሙትን ለአሠልጣኝ ማውራት ወዲያው ያስወጣል። ልብስም ቀልድ አይደለም፤ ከበረዶው አጠገብ ለሰዓታት ሳትንቀሳቀሺ ነው የምትቀመጪው፣ በወፍራም ጓንት ደግሞ መተየብ አይቻልም። ስስ ጓንትና ወፍራም ካልሲ ያዢ።

ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ቶሎ እደርሳለሁ ብለሽ አታስቢ። ጁኒየር ግራንድ ፕሪ ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት (በፈረንጅ) ከአገር አገር ይዞራል፤ በካናዳ በየዓመቱ አይደረግም። ሲደረግ ግን አዘጋጆቹ በጎ ፈቃደኞችን ወራት ቀድመው ይመዘግባሉ፤ ሙዚቃ ክፍሉም ሰው ይፈልጋል። ሥራው ትንሽ ይመስላል፦ የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ ርዝመትና ድምፅ መጠን አስቀድሞ መፈተሽ። የረጅሙ ፕሮግራም ዕለት የአጭሩ ሙዚቃ ከተከፈተ ግን አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል።

ደመወዝ ያለበትን ከፈለግሽ፣ እንደ ስዊስ ታይሚንግ ያሉ የሰዓትና የውጤት ድርጅቶች፣ የስፖርት ብሮድካስት ግራፊክስ እና የስታዲየም አስተዳደር ከትምህርትሽ ጋር ይገጥማሉ። ለእነሱ ስታመለክቺ «ስኬቲንግ እወዳለሁ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምሽም። በስንት ውድድር ላይ ዳታ እንዳስገባሽ፣ በየትኛው ሲስተም እንደሠራሽና ሲስተሙ ሲቆም ምን እንዳደረግሽ ጻፊ። ለቅርንጫፉ የምትልኪው ኢሜይል ደግሞ አጭር ይሁን፦ የትኞቹ ቅዳሜና እሁዶች ክፍት እንደሆኑልሽ፣ መኪና እንዳለሽ ወይም እንደሌለሽ፣ የፖሊስ ወረቀቱን መቼ እንደምታገኚ።