ለአባታችሁ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

አገር ቤት ሊሄድ የተነሳ ሰው ሁሉ ይደውልልኛል። «ለእማዬ ላፕቶፕ ልወስድላት ነው፤ የቱ ይሻላል?» እኔም እጠይቃለሁ። «ምን ልትሠራበት?» ዝም። ቆይቶ «ያው... ለሁሉም ነገር» ይላል። ለሁሉም ነገር የተገዛ ላፕቶፕ መጨረሻው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ እንዲቀር ካደረጉት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ነው የምቆጣው።

1. ዕቃው

ይህን ቶሎ ልጨርሰው። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ከ8 ጊጋባይት አይነስ፤ 16 ከሆነ ደግሞ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ፋይሉ የሚቀመጥበት ማከማቻ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን። 256 ጊጋባይት ለአብዛኛው ወላጅ ይበቃል። 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ (ዘገምተኛው የማከማቻ ዓይነት) የተገጠመባቸው ርካሾች አያታልሏችሁ። ዊንዶውስ ራሱን ላድስ ሲል ቦታ ያልቃል፤ ወላጃችሁም «ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ ላይ አፍጥጠው ይቀራሉ።

ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም። እንዲያውም ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩት እነ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ ከአዲስ ርካሽ ይሻላሉ። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፤ ኪቦርዳቸውም ለጣት ይመቻል። ግን ሻጩ ፊት አብሩት። የድሮው መሥሪያ ቤት ቆልፎት ከሆነ ብዙ ጊዜ ያኔ ይታወቃል። ዊንዶውስ 11 የሚቀበል መሆኑንም አረጋግጡ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) የኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው የሚያስኬደው።

ደረሰኙን ያዙ፣ ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ያዙ። 

2. ዓይንና ጣት

ወጣት ሆናችሁ የመረጣችሁት ስክሪን ለ70 ዓመት ዓይን አይሆንም። ባለ 15.6 ኢንቹ ጥሩ ነው። የጽሑፉን መጠን ከሴቲንግ 150 በመቶ አድርጉት። ማውዝ ጨምሩ፤ ባለ ሽቦውን፣ ባትሪ የማይጠይቀውን። የሚንቀጠቀጥ ጣት ከኪቦርዱ ታች ያለችውን የመዳሰሻ ሰሌዳ እየነካ ጠቋሚውን ሲያባርር አይቼ፣ ሰውዬውን ሳይሆን ሰሌዳዋን የሠራትን ሰው ረግሜያለሁ።

ጀርመን ያላችሁ ኪቦርዱን እዩ። እዚያ ዋይና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ። በፈረንሳዩ ደግሞ ኤና ኪው። ዊንዶውሱን በአሜሪካ ኪቦርድ አስተካክላችሁ ከሰጣችኋቸው ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሌላ ይሆናል። እናትም ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።

3. ቋንቋው

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የማስተማር ዘመናቸውን በአራት ደብተር በእጃቸው ጽፈው አስቀምጠዋል። አንድ ቀን በስልክ «ይህን በኮምፒውተር ብገለብጠው» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትእዛዝ ከየት ይመጣል? እኔ ግን የጌም ላፕቶፕ ገዛሁላቸው። ባለ 17 ኢንች፣ ክብደቱ 3 ኪሎ የሚጠጋ፣ ኪቦርዱ በቀይና በሰማያዊ የሚብለጨለጭ። ሻጩ «ከዚህ በላይ የለም» ስላለኝ ነው። አባቴ መጀመሪያ የጠየቁኝ «የዚህ መብራት ማጥፊያው የት ነው?» ብለው ነበር።

አማርኛ አላስገባሁበትም። እሑድ ስደውል አሳይዎታለሁ አልኩ። እሑዱ አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። ሥራ ነበረብኝ፣ ሁላችንም ሥራ አለብን።

ነገሩ እኮ መጫን እንኳ የሚባል አይደለም። ኢንተርኔት ካለ ሴቲንግ ገብቶ ቋንቋ ላይ አማርኛን መጨመር ነው። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ሲጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይሄዳል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሀ ሁ እዚያ ከገባ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ልጁ ነው የሰነፈው።

ስለዚህ ካርቶኑ ሳይታሸግ፣ እናንተው ጋ እያለ ጨምሩት። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ በትልልቁ ጽፋችሁ አንድ ወረቀት አብራችሁ ላኩ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የጻፉት ነገር ካላቸው ፎንቱንም ጫኑላቸው፤ ያለዚያ ሲከፈት የተደበላለቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣና «ጠፋብኝ» ብለው ይደነግጣሉ። ደግሞ «በስልክህ ጻፍ በላቸው» የምትሉኝ አትድከሙ። አራት ደብተር በአውራ ጣት አይገለበጥም።

4. ስልኩን ስታነሱ

ዊንዶውስ ውስጥ ኩዊክ አሲስት የሚባል አለ። እናንተ ኮድ ትሰጣላችሁ፤ እሳቸው ያስገባሉ፤ ከዚያ ስክሪናቸውን እያያችሁ ትረዳላችሁ። ከመላካችሁ በፊት እቤታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት። አንድ ነገር ግን አስምሩላቸው፦ ይህን ኮድ ከእናንተ ሌላ ማንም ቢሰጣቸው አያስገቡም። «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ቢመጣ አይደውሉም። አጥፍተው ይተኛሉ።

ይህ ሁሉ ግን ድምፃችሁ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። እኔ «አባዬ፣ ስንቴ ልንገርዎ?» ብያለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ትንፋሼን ሰሙት መሰለኝ፣ «ተወው ልጄ፣ ደርሼበታለሁ» አሉ። አልደረሱበትም። ከዚያ ወዲህ ስለ ላፕቶፑ አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም ገባቸው ብዬ ተገላገልኩ። ሰውዬው እኮ ሰላሳ ምናምን ዓመት ለሰው ልጅ ፊደል ሲደጋግሙ የኖሩ ናቸው!

ካረፉ በኋላ ከፈትኩት። አንድ ፋይል ብቻ ነበረበት። ስማቸው፣ ቀኑ፣ ከዚያ «ምዕራፍ አንድ»፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል። ከሥሩ አንድ መስመር ተኩል ሄደው ቆመዋል። አማርኛውን ጨመርኩት። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አሁን ደብተሮቹን እኔ እየገለበጥኩ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ፣ በዚያው በሚብለጨለጨው ኪቦርድ። የእጅ ጽሕፈታቸው ቆንጆ ነው፤ ግን አንዳንድ የሰው ስም አይነበብልኝም። እነሱን ባዶ እየተውኩ አልፋለሁ።