«ዶንት ቢ ሲሊ» ስድብ ነው?

ላሊበላ ማስጎብኘት የጀመርከው ወንድማችን፣ ጥያቄህን አየሁት። ለእንግሊዛዊው ሽማግሌ የቡናቸውን ልክፈል ስትላቸው «ዶንት ቢ ሲሊ» አሉህ። «ሲሊ»ን መዝገበ ቃላት ላይ ስታይ «ቂል፣ ጅል» ይላል። «ምን አጠፋሁ?» ብለህ እንቅልፍ አጣህ።

አብሽር፣ አልሰደቡህም። በእኛ አፍ ቢሆን «ኧረ ተው፣ ምን በወጣህ!» ነው ያሉህ።

እኔም እዚያው ላሊበላ ለዓመታት እንግዳ ይዤ ዞሬያለሁ። እንግሊዞች ቃሉን ብዙ ጊዜ ለሚወዱት ሰው ነው የሚሉት። እናት ልጇን «አንተ ሞኝ» እያለች እንደምታቅፈው ማለት ነው።

አንድ ቀን ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ አንድ ጀርመናዊ እንግዳ «ዜሊሽ» የሚል ቃል ነገረኝ። በእነሱ ቋንቋ ብፁዕ ማለት ነው፤ የ«ሲሊ» የሥጋ ዘመድ። ለካ በጥንቱ እንግሊዝኛም ቃሉ የታደለ፣ የተባረከ ማለት ነበር። ከዚያ ተንኮል የማያውቅ ሆነ። ተንኮል የማያውቅ ሰው ደግሞ ሁሉም ይጫወትበታል፤ ስለዚህ ምስኪን ሆነ። በ16ኛው መቶ ዘመን ቂል ላይ አረፈ። «ናይስ» በተቃራኒው ነው የሄደው፤ ከአላዋቂ ተነስቶ ጥሩ ሰው ሆኗል።

እንግሊዝ ውስጥ ሰፎክ የሚባል አካባቢ አለ። «ሲሊ ሰፎክ» ይሉታል። አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ስለሆኑ ጥንት «ብሩክ ሰፎክ» ለማለት ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ይሁን አይሁን፣ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ለምንውል ሰዎች ደስ የሚል ትርጓሜ ነው።

ደግሞ የእኛን «የዋህ» አስበው። ወንጌሉ «የዋሆች ብፁዓን ናቸው» ይላል። ደሴ ፒያሳ ላይ ነጋዴው አንተን አይቶ ጓደኛውን በዓይኑ ጠቅሶ «የዋህ ነው» ካለ ግን ዋጋ ሊቆልልብህ ነው። የ«ሲሊ» መንገድ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ቃሉ የፍቅር ነው ብዬ ልቤ ሞላ። አንዲት ትልቅ ሴት ቤተ ማርያም ውስጥ ሥዕሎቹን እያዩ ዕንባቸው መጣ። እኔ ላጽናና ብዬ «ዶንት ቢ ሲሊ» አልኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። እስከ ሆቴላቸው ድረስ ቃል አልተነፈሱም። ለካ ቃሉ የሚያምረው ለቀላል ነገር ነው፤ ለቡና ሒሳብ፣ ለ«ይቅርታ አስቸገርኩህ»። ሰው ከልቡ ሲያዝን ከተባለ «ይህ ምን ያስለቅሳል?» ብሎ ማቃለል ነው። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ደግ ሴት ነበሩ፣ ሳቁ።

ሌላም አጠቃቀም አለው። ፈተና ላይ እያወቅከው የምትስተው «ሲሊ ሚስቴክ» ነው። ክሪኬት በሚባለው የእንግሊዞች የዱላና የኳስ ጨዋታ ላይ ደግሞ ኳስ መቺው አፍንጫ ሥር የሚቆመው ተጫዋች ቦታ «ሲሊ ፖይንት» ይባላል። ኳሷ በዚያ ፍጥነት ስትመጣ እዚያ መቆም መቼም የጤና አይደለም።

ሽማግሌው ነገም ካንተ ጋር ከሆኑ ቡናውን አንተ ቀድመህ ክፈል። «ዩ ሲሊ ቦይ» ካሉህ እየሳቁ መሆናቸውን እይ። ከሳቁ አንተም ሳቅ። መልሰህ ግን «ዩ አር ሲሊ» እንዳትላቸው፤ በዕድሜ አባትህ ናቸው።