የሎደር ሆዝ አልገባ ሲል መዶሻ አታንሳ

ከአርሲ የጻፈልን አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ሎደሩን (ከትራክተሩ ፊት የሚገጠመውን ማንሻ ክንድ) ጠዋት ከትራክተሩ ፈትቼ ግቢ ውስጥ አስቀመጥኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ልገጥመው ስል ዘይት ከሚያመላልሱት አራት ሆዞች ሁለቱ እምቢ አሉ። ኩፕለሩ ተበላሽቶ ይሆን?»

ወንድሜ፣ ጠዋት ፈትተህ ስምንት ሰዓት ላይ ካስቸገረህ እኔ የምጠረጥረው ፀሐዩን ነው። አዲስ ኩፕለር፣ ማለትም የሆዙን ጫፍ ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘውን መግጠሚያ፣ ለመግዛት አትቸኩል።

ሆዙ ሲፈታ ኩፕለሩ ውስጥ ያለችው ቫልቭ በስፕሪንግ ተገፍታ ትዘጋለች። ከዚያ ወዲያ ሲሊንደሩና ሆዙ ውስጥ የቀረው ዘይት መውጫ የለውም። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል። ጭማሪው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ10,000 እጅ ሰባት ገደማ ስለሆነ ምንም አይመስልም፤ ግን ዘይት እንደ አየር በቀላሉ አይታመቅም፣ የሲሊንደሩ ብረትም ቦታ አይለቅለትም፣ ስለዚህ መስፋቱ ወደ ግፊት ይዞራል። የቫልቯ ፊት 1 ካሬ ሴንቲሜትር ብትሆንና ግፊቱ 50 ባር ቢደርስ 50 ኪሎ ያህል ይገፋሃል። እስቲ በአውራ ጣት መልሳት!

መጀመሪያ ሆዞቹን ጥላ አልብሳቸውና እስኪበርዱ ጠብቅ። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ማለዳ ራሳቸው ይገባሉ። በትራክተሩ በኩል ደግሞ ሞተሩን አጥፋና ግፊቱ እንዲለቅ የሎደሩን ሊቨር በአራቱም አቅጣጫ ደጋግመህ አንቀሳቅስ።

አሁንም እምቢ ካለ ሎደሩ በእግሮቹ መቆሙን፣ ባኬቱም (መዛቂያው) መሬት ላይ መተኛቱን አረጋግጥ። የተንጠለጠለ ነገር ካለ አትንካው፤ ይወርድብሃል። መነጽርና ጓንት አድርግ። ሆዙ ከኩፕለሩ ጋር የተያያዘበትን ጥርስ በወፍራም ጨርቅ ሸፍንና በሁለት ቁልፍ ቀስ ብለህ ጥቂት ብቻ አላላው። ፊትህን ወደ ጎን አድርግ። ዘይቱ ማንጠባጠብ ሲጀምር ቁም፤ ሲያበቃ መልሰህ አጥብቅ።

ቫልቯን በሚስማርና በመዶሻ የሚመቱ አሉ። ይሄ ነገር ያናድደኛል! መቀመጫዋ ይቧጨርና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ታፈሳለች። ርካሹ ኩፕለር ደግሞ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ በአንድ ምት ያልቅለታል፤ ባለቤቱም ቴፍሎን ጠቅልሎበት «ተሠራ» ይላል።

በዚያ ላይ የሚፈናጠር ዘይት ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ ላያምህም ይችላል። ቢሆንም ያኔውኑ ሆስፒታል ሂድና «የሃይድሮሊክ ዘይት ገብቶብኛል» በል፤ ነገ ማለት ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። ዘይት የሚያፈስበትንም ቦታ በእጅህ አትፈልግ፤ ካርቶን አስጠጋ።

ሌላ ጊዜ ስትፈታ ባኬቱን አስተኛ፣ ሞተር አጥፋ፣ ሊቨሩን አንቀሳቅስ፣ ከዚያ ነው ሆዝ የሚነቀለው። ሎደሩንም ጥላ ያለበት አቁመው።