ልጄን የት አደረስከው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጸሐፊ ደወለችልኝ። በጣልያን ወረራ ዘመን ላይ ልብወለድ ጀምራለች። ሴቲቱ የአርበኛ ልጅ ናት፣ ወንዱ የጣልያን ወታደር። «ጋሼ፣ አንባቢ ፍቅራቸውን እንዲያምነኝ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ነገ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በ1965 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ በወረራው ጊዜ ከአንድ ጣልያን ጋር የኖሩ እናት ነበሩ። ቡናቸውን እየጠጣሁ ታሪካቸውን ስሰማ ከረምኩ። አባታቸው ጫካ ስለመግባታቸው፣ ጎረቤት ሰላምታ ስለመንፈጉ ያወሩኛል። እኔ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይወዱት ነበር?» አንድ ቀን ሰለቻቸውና «እምቢ ብዬ የምገባበት ቤት ነበረኝ እንዴ?» አሉኝ። ይህንን አልጻፍኩትም። ለታሪኬ አልተመቸኝም።

ጽፌ ስጨርስ ላነብላቸው ሄድኩ። ጨረቃም ዋሽንትም ነበረበት። ልጃቸው ከጋራዥ ተመልሶ ደጃፉ ላይ የእጁን ግራሶ ይታጠባል። የዚያው ጣልያን ልጅ ነው። ካቻቪቴና ፒንሳ ለይቼ እንዳውቅ ያደረገኝ እሱ ነው፣ ብስክሌቴንም በነጻ ይሠራልኝ ነበር። ሳበቃ እናትየው ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄን የት አደረስከው?» አሉኝ። አውጥቼው ነበር። ልጅ ከገባበት ፍቅሩ ይደበዝዛል ብዬ። እሱ መታጠቡን ቀጠለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሕጉን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ሰው ባለቀ በሁለት ወሩ ግድም፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ የሮም መንግሥት አዋጅ አወጣ። ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። ገንዘብ ከፍሎ ቢሄድ ግን አዋጁ አይነካውም። በ1932 ደግሞ ጣልያናዊ አባት እንዲህ ያለ ልጁን በሕግ ልጄ ነው እንዳይል ተከለከለ። ያ ወንድማችን የተወለደው በዚህ ሕግ ሥር ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ሴቲቱ እምቢ ብትል ምን እንደሚደርስባት ሳታውቂ የጨረቃውን ምዕራፍ አትጀምሪ። ስለ ቋንቋና ስለ አርትዖት አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። የዛሬ ልጆች የወታደሩን የኮት ቁልፍ ሳይቀር ከስልካችሁ ታገኛላችሁ። አንድ አዛውንት አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን አልሆነላችሁም። እኔማ ተቀምጬም አልሰማሁ።

ፍቅር አልነበረም አልልም። ከ1933 በኋላ እዚሁ ቀርቶ፣ አግብቶ ወልዶ የኖረ ጣልያን አለ። እኚያ እናትም የሰውየውን ፎቶ ሳጥናቸው ውስጥ በነጠላ ጠቅልለው አኑረውታል። አንድ ጊዜ አሳይተውኛል። ለምን እንዳኖሩት አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብስክሌቴ ሲበላሽ ሌላ ሰፈር እየወሰድኩ አሠራ ነበር። በልጁ ደጅ ላለማለፍ።